ሁለት ቤት ተኩል

ዘበኛ ሲቀጠር የቀድሞ ሥራው ይጠየቃል። እኔም ጠይቄያለሁ። ጥፋቴ የሰማሁትን መልስ ለወንድሜ ሳልነግረው መቅረቴ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ነው። ሃያ ዓመት በሰው አገር በረዶ እየጠረገ ባጠራቀመው ገንዘብ በትውልድ ከተማው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠራ። ሚስቱ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የማጠናቀቂያውን ሥራ ቆማ ያሠራችው እርሷ ነበረች። በዚያ ሰሞን የሴራሚክ ዋጋ ሁለት ጊዜ ጨመረ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ መጣ። ከዚያ ቤቱ ተቆለፈ፣ እነርሱም ተመልሰው ሄዱ። ወንድሜም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ዝናብ ጣለ ሲሉት ስለ ጣሪያው፣ ፀሐይ ወጣች ሲሉት ስለ በሩ ቀለም ይደውላል። እርሱ ስለ ቤቱ ይጨነቃል፣ እኔ ስለ ስልኩ።

የመጀመሪያው ዘበኛ ሥራ ወዳድ ወጣት ነበር፤ በጣም ሥራ ወዳድ። ለፋሲካ ሰሞን ድንገት ብቅ ስል ግቢውን ለበግ ነጋዴ አከራይቶት አገኘሁ። መቁጠር ጀምሬ 43 ላይ ተውኩት። ያን ዕለት ማታ ወንድሜ «የተከልነው ሣር እንዴት ሆነ?» ሲለኝ «አጠር ብሏል» አልኩት። አልዋሸሁም።

ለሁለተኛው ቅጥር ወንድሜ ጥብቅ መመሪያ ሰጠ፦ የማይጠጣ፣ ሌሊት የማይተኛ፣ ተያዥ ያለው። እኔም ጠይቄ አጠያይቄ መሪጌታን አገኘኋቸው። በእርግጥ መሪጌታነቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የሚከናነቡ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩና የዘበኛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ፤ ቃለ መጠይቁን የጀመርኩት እኔ ቆሜ፣ እርሳቸው ተቀምጠው ነው።

«ከዚህ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?»

«ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቆጥሬ፣ ከዚያ ወዲህ ስዘርፍ ኖርኩ።»

«ሌሊት እንቅልፍ ያስቸግርዎታል?»

«የእኔ ሥራ ሌሊት ነው እንጂ! ቀን ምን ይመጣል?»

ደስ አለኝ። ጎጃም ውስጥ ቅኔ አዋቂ ዘበኛ ማግኘት፣ ቤቱን ከሌባም ከሰይጣንም ማስጠበቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ተያዥ ስጠይቃቸው «ተያዤ መድኃኔ ዓለም ነው» አሉኝ። ውሉ ላይ ግን የተያዥ ፊርማ የሚል ቦታ አለ። ባዶ ከሚሆን ብዬ ራሴ ፈረምኩበት። ለወንድሜ በስልክ የነገርኩት «የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ አይጠጡም፣ ሌሊት አይተኙም» ብቻ ነው።

የወንድሜ የቁጥጥር ዘዴ ስልክ ነው። በክረምት እኛ ከእነርሱ ሰባት ሰዓት እንቀድማለን፤ እርሱ ራቱን በልቶ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሲደውል እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ሌባ የሚወጣበት፣ ዘበኛ የሚያንጎላጅበት ሰዓት። መሪጌታ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳሉ። ወንድሜ ተደስቶ ደመወዛቸውን ከ900 ብር ወደ 1,000 አሳደገው። «እንዲህ ያለ ሰው እስከ ዛሬ የት ነበር?» ይለኛል።

ቡሄ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በዚያው በተለመደው ሰዓት ደወለ። በኋላ ከሁለቱም አፍ እንደ ሰበሰብኩት ንግግሩ ይህ ነበር።

«መሪጌታ፣ ነቅተዋል?»

«ነቅቻለሁ የኔ ጌታ።»

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እየዘረፍኩ ነበር።»

ወንድሜ የኔትወርክ ጥፋት መሰለው። «ምን አሉኝ?»

«እየዘረፍኩ። ሁለት ቤት ጨርሻለሁ። ሦስተኛው ነው ያስቸገረኝ።»

እዚህ ላይ ለመሪጌታ ልፍረድላቸው። ገበሬ «ሳርስ ዋልኩ» ሲል «መሬት» ብሎ አይጨምርም። እርሳቸውም «ቅኔ» ብሎ መጨመር አልታያቸውም። ወንድሜ ደግሞ ጎጃም ተወልዶ የቅኔ ቤት ደጅ ያልረገጠ፣ በስድስት ዓመቱ አስኳላ የገባ ሰው ነው። ዘረፋ የሚባለውን የሚያውቀው ከፖሊስ ፕሮግራም ነው።

«የማንን ቤት ነው የዘረፉት?» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ።

«የዘአምላኪየ ነዋ!»

«ብቻዎን?»

«ልጆቹ አብረውኝ ናቸው። ትንሹ እንኳን ትናንት አንድ ቤት ለብቻው ዘረፈ፤ ተስፋ አለው።»

«ወንድሜ… ወንድሜ ይህን ያውቃል?»

«መምህርማ! ያለፈውን ሳምንት ሳሳየው ድንቅ ነው ብሎ ይዞት ሄደ።»

ይዤ የሄድኩት በደብተሬ ላይ የገለበጥኩትን ነው። ይህንን ግን ማን ይንገረው? መሪጌታም በሙያቸው እንደሚኮራ ሰው፣ ሳይጠየቁ ጨመሩበት፦ «የዛሬው ደግሞ ወርቁን የደበቅኩበት አደባበቅ! ማንም መጥቶ አያገኘውም።»

ወንድሜ ስልኩን ዘጋና እኔ ላይ ደወለ።

«ሌባ ቀጥረህልኛል!» አለኝ። «አንተም ድርሻህን ወስደሃል አሉ፣ እርሱን በኋላ እንነጋገራለን። ዘአምላኪየ የሚባል ጎረቤት አለን?»

ከእንቅልፌ ገና አልነቃሁም። «የለም» አልኩት።

«አለ! ሁለት ቤቱን ዘርፈውታል። ወርቁን አምጥተው በእኔ ቤት ደብቀውታል። እኔ ቤት ውስጥ ወርቅ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም! ተያዡ ማን ነው? ቶሎ ተያዡን ያዘው!»

ተያዡ በውስጥ ሱሪ ቆሞ የባትሪውን ድንጋይ ይፈልግ ነበር።

«ስልኩን እንዳትዘጋው» የሚል ትእዛዝ ተሰጠኝና ወጣሁ። የነሐሴ ጭቃ ምን እንደሆነ ደብረ ማርቆስ የኖረ ያውቃል። በጨለማ ቦቲ ሳጠልቅ ቀኙ የእኔ፣ ግራው የሚስቴ ነበር፤ ሚስቴ ደግሞ እግሯ ትንሽ ነው። እያነከስኩ የወንድሜ ቤት ስደርስ ሰፈሩ ከእኔ ቀድሟል። ለካ ወንድሜ ከፊት ለፊት ላሉት ጡረተኛ ሻምበልም ደውሎ ኖሯል። ሻምበል ሮንድ ላይ የነበሩትን አራት ሰዎች ከነዱላቸው አሰልፈው፣ አንዱን ፊሽካ አስይዘው፣ ራሳቸው ጀሪካን ላይ ቆመው በአጥሩ አናት ወደ ውስጥ ይመለከታሉ።

«አራት ናቸው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሦስቱ ቆዳ ለብሰዋል።»

እኔም በበሩ ቀዳዳ አየሁ። መሪጌታ በረንዳው ላይ፣ አምፖሉ ሥር ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ሦስት የቆሎ ተማሪዎች ደበሏቸውን ደርበው ተኮልኩለዋል። ትንሹ ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ አንገቱ ይወድቅና ይነሣል። መሪጌታ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ የሆነ ነገር ይቆጥራሉ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የገባኝ። «ሻምበል፣ ቆይ…» ማለት ጀመርኩ። ፊሽካው ተነፋ።

በሩ ተበረገደ። «እጅ ወደ ላይ!»

ልጆቹ እጃቸውን ሲያነሱ ደበሏቸው ወደቀ። ሻምበል ከልጆች ትንሹን መረጡ፤ ልጅ አይዋሽም ብለው ይሆናል። «ምን ስታደርጉ ነበር?»

«ስንዘርፍ» አለ ልጁ።

«አመነ!» አሉ ሻምበል ወደ እኔ ዞረው። ከኪሴ ውስጥም «አመነ!» የሚል ድምፅ ከአሜሪካ መጣ።

«ስንት ቤት?»

«ሁለት ቤት ተኩል። ሦስተኛው ቤት አልመታም ብሎን ነው።»

ከሮንዱ አንዱ፣ ቀን በግ የሚያርድ ግዙፍ ሰው፣ ዱላውን መሬት አስደግፎ ሳቀ። በልጅነቱ እርሱም ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ በኋላ ከየኔታ የጠፋ ኖሯል። «ሻምበል፣ ቅኔ ነው እኮ!» አላቸው። «ዘአምላኪየ የሚባለው ቅኔ ሦስት ቤት፣ ሦስት ስንኝ ነው። ሦስተኛውን አላደረሱትም።»

ሻምበል ግን የጀመሩትን ምርመራ መሐል ላይ የሚተው ሰው አይደሉም። «ወርቁስ የታለ?»

እስከዚያ ዝም ብለው የነበሩት መሪጌታ ቀና አሉ። በሌባነት መጠርጠሩን የቻሉ ሰው ይህን አልቻሉም። «ወርቁንማ አልነግርህም! አንተው ፈልገህ አግኘው። ነግሬህማ ምኑን ቅኔ ሆነ?»

ለወንድሜ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ወሰደብኝ፤ እያንዳንዱ ሰው ስልኩን እየነጠቀ ያስረዳ ነበር። ወንድሜ በመጨረሻ «ታዲያ በስሙ ለምን አይጠሩትም?» አለ፣ ማፈሩን በቁጣ እየሸፈነ።

ሲነጋ ትልቁ ችግር መጣ። መሪጌታ ኮሮጇቸውን አንግተው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሌባ በተባሉበት ግቢ አያድሩም። ሻምበልና ሁለት ሽማግሌዎች ተጨመሩበት፤ ሻምበል ከሳሽም ሽማግሌም ሆነው ተቀመጡ። ወንድሜ በስልክ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጋቢ እንደሚያለብስም ቃል ገባ። መሪጌታ ይቅር አሉ። ሆኖም አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «የኔ ጌታ፣ በአንተ ስልክና በዚህ ሰው ፊሽካ ሦስተኛው ቤት ከአእምሮዬ ጠፋ። የጠፋብኝን ቤት ማን ይተካልኛል?» ይህን የሚመልስ አልተገኘም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ እንዳይደወል ተወስኖ ጉባኤው ተበተነ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ የወንድሜ ሚስት ደወለችልኝ፤ በሹክሹክታ። መኪናዋ ውስጥ ሆና ነው።

«ወርቁን አግኝተውታል እንዴ?»

«የምን ወርቅ?»

የሴራሚኩ ዋጋ ሁለተኛ ጊዜ ያልጨመረ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ፎቅ ላይ፣ በቁም ሳጥኑ ታችኛው መሳቢያ፣ በልጅ ካልሲ ውስጥ ተብዬ ሄድኩ። ሐብሉ ከነጆሮ ጌጡ እንደ ተጠቀለለ ተቀምጧል። ወደ ቦታው መለስኩት። «ለወንድምህ እንዳትነግረው፤ አደራ» አለችኝ። እንግዲህ ከመሪጌታ ሌላ የካልሲውም ተያዥ ሆንኩ።

ቡሄ አለፈ። የጠፋው ሦስተኛ ቤት ተመልሶ መጥቶ በበዓሉ ላይ ተሰጠ፤ ሊቃውንቱም ወደዱት አሉ። መሪጌታ አዲሱን ጋቢ የለበሱ ዕለት ለወንድሜ ምስጋና ይሆን ዘንድ፣ እንዲገባው ብለው በግእዙ ፋንታ በአማርኛ ሁለት ስንኝ ሰጡኝ። ያን ማታ በስልክ አነበብኩለት፦

ሌሊት ቤት ስዘርፍ ከበው ያዙኝና፣
ወርቁን ሳይፈትሹ ተዉኝ በደኅና።

ወንድሜ አንድ ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆየ።

«ሰሙ ገብቶኛል» አለ በመጨረሻ። «ወርቁ ግን የት ነው ያለው?»

ከኋላው አንድ ሰው ክፉኛ ሲያስል ሰማሁ።