ማታ ዘንቦ ነበር?

ጠዋት አልጋ ላይ ሆኜ ስልክ መክፈት እንደማይበጀኝ አውቃለሁ። ከፈትኩት። ሱዳን፣ ጋዛ፣ ወረድ ሲል ደግሞ የራሳችን። የሟቾች ቁጥር አለ፣ ስም የለም። ፊቴን ሳልታጠብ ቀኑ ከበደኝ። ደብረ ማርቆስም ደመናዋን እንደተከናነበች ነው። ከሰሉም አልያያዝ አለኝ።

እማ ጋ ደወልኩ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ "ማግኘት አይችሉም" እያለች ደጋግማ መለሰችኝ። ከዚህ ቡሬ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፈን ለምሳ እንደርስ ነበር። አሁን "መንገድ ዝግ ነው" በተባለ ቁጥር እኔና አሜሪካ ያለችው አክስቴ እኩል ነን። ሁለታችንም እማን የምናገኛት በስልክ ነው።

በመጨረሻ አነሳችው።

"አንች፣ ያን ወንፊት ወስደሽ በዚያው ቀረሽ አይደል?"

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ቀጥሎ የጎረቤት በግ መጣ። አጥር ጥሶ ጓሮ ገብቶ ጎመኗን ግጦታል። ባለቤቶቹ ይቅርታ እንኳ አላሉም። "ሽማግሌ ነው የምልክባቸው!" አለች። እኔ እዚህ ከሰሉን እያራገብኩ ፈገግ አልኩ። ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ወረደ።

እማ ስትቆጣ ደህና ነች ማለት ነው። የምፈራው ስትለሰልስ ነው። ነሐሴ 2015 አንድ ማታ "የኔ አበባ፣ እድግ በይልኝ፣ ክፉ አይንካሽ" ብላ መረቀችኝ። እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አደርኩ። እናቴ አበባ ያለችኝ ያኔ ብቻ ነው።

ያ ዓመት ግራ የገባው ዓመት ነበር። ጥቅምት ላይ ፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም እማ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ለክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዳታ ጠፋ። የቀረን ተራው ስልክ ነው፣ እሱም ሲፈልግ። ስልክ ላይ ደግሞ ስለ ነገሩ አይወራም። ማንም "አታውሩ" አላለንም፣ እኛው ፈርተን ነው።

መላውን ያመጣችው እታለም ናት። ተኩስ ካለ "ዘነበ" እንላለን። ትንሽ ከሆነ "አካፋ"። ከባድ መሣሪያ ከሆነ "በረዶ ጣለ"። ጥርና የካቲት ላይ ግሩም ሠራ። "ማታ ዘንቦ ነበር?" "ኧረ የለም፣ ጠራራ ፀሐይ ነው።" እንዲህ ተባብለን በሰላም እንተኛ ነበር።

እታለም ያላሰበችው ክረምት የሚባል ነገር እንዳለ ነው። ያውም የጎጃም ክረምት።

አምና ሐምሌ እማ ደወለች። "ኧረ ልጄ፣ ማታ የጣለው በረዶ! ቆርቆሮውን ሊበሳው ነበር!" ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ጮህኩ። አዲስ አበባ ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ ለአክስቴ ደወለ። አክስቴ እዚያው ሥራ ቦታዋ ተንበርክካ ለጊዮርጊስ ተሳለች፤ "ቤተሰቦቼን ብታተርፍልኝ ዘርፋም ጃንጥላ አገባለሁ" ብላ። በማግስቱ ኔትወርክ ሲመለስ በረዶው የእውነት በረዶ ሆኖ ተገኘ። ጎመኑን ረፍርፎታል። የዚያን ጊዜም ጎመን ነበር፣ አሁን ሳስበው ያ ጎመን ዕድል የለውም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አክስቴ "ምንም ሳይደርስባቸው የተሳልኩት ስለት ስለት አይባልም" አለች። እማ ተቆጣች። "ምንም እንዳይደርስብን አይደል የተሳልሽው? ይኸው አልደረሰብንም። ላኪ!" እኔ በልቤ ለአክስቴ አደላሁ፣ አፌ ግን እማን ደገፈ። የንስሐ አባቷ እስኪጠየቁ ድረስ ነገሩ በስልክ ወራት ፈጀ። መቼም ቤተሰባችን እንደዚያን ሰሞን ተደዋውሎ አያውቅም። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ሁሉም ስለ ጃንጥላ ነው የሚሟገተው። እንዲያውም ደስ የሚል ጊዜ ነበር ብል ትታዘቡኛላችሁ?

አክስቴ ተሸንፋ ብሩን ላከች። ወንድሜ ጃንጥላውን ገዛ። መንገድ ሲከፈት ሰው ይዞት ይሄዳል ተብሎ አልጋው ሥር ተቀምጧል። ዘንድሮም እዚያው ነው። ሰሞኑን ደውዬ "እንዴት ነው፣ ደህና ነው?" አልኩት፤ ስለ ጃንጥላው ነው የጠየቅኩት። "ደርቋል" አለኝ።

ምን አርሶት ኖሯል?