ቆዳን ከቁም ሳጥን ማውጣት፦ ምን ተውኩ፣ ምን አቆየሁ፣ በምን ተካሁ

አዲስ አበባ ላይ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ መተው ብዙም አያስቸግርም። ረቡዕና ዓርብ የጾም በየዓይነቱ የሌለው ምግብ ቤት ማግኘት ራሱ ይከብዳል፤ በሌላውም ቀን ሽሮ አይጠፋም። ፈተናው ያለው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ጫማ፣ ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳ፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ ጃኬት። ጾመኛ ሰው የቆዳ ጫማ አድርጎ ይሳለማል፤ ጾሙ የምግብ ስለሆነ እግርህ ላይ ምን አለ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ቪጋን የሆነ፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የማይጠቀም ሰው ለልብሱ የሚከተለው የተጠረገ መንገድ አያገኝም፤ ወሰኑን ራሱ ማስመር አለበት።

እኔ ያሰመርኩት በሁለት ጥያቄ ነው። እንስሳው የሞተው ለምንድን ነው? እኔ የምከፍለው ገንዘብስ ሌላ ቆዳ እንዲፋቅ ያዛል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ የወጣ ነው።

«ቆዳው እኮ ተረፈ ምርት ነው» የሚለው ክርክር እኛ አገር ጉልበት አለው። የፋሲካ በግ የሚታረደው ለሥጋው ነው። ድሮ በበዓል ማግሥት ቆዳ ሰብሳቢው በየሰፈሩ እየዞረ በደህና ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ግን ብዙ ቤት ቆዳውን ከቆሻሻ ጋር ያወጣዋል። በእንዲህ ያለ ገበያ እኔ አንድ ጫማ ስላልገዛሁ ከቢላ የሚተርፍ በግ አለ ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለሆነ በዓለም ገበያ ለጓንት ይፈለጋል፤ የባቲ ፍየልም በንግዱ ዓለም በስሙ የሚታወቅ ነው። ፈላጊ ሲኖር ቆዳው ከእንስሳው ዋጋ ላይ የራሱን ድርሻ ይጨምራል፤ ያኔ «ተረፈ» መባሉ ይቀራል። ከዚያ ፋብሪካው አለ። ፀጉሩን ለማንሳት ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ፣ ለማልፋት ደግሞ የክሮሚየም ጨው ይገባበታል፤ ፍሳሹ በወጉ ካልተጣራ ወንዝ ይገባል። የሞጆን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለዚህ አዲስ ቆዳ አልገዛም፤ ይህን ግን ከምግቡ በታች አስቀምጠዋለሁ። ቀበቶውን በአንድ ቀን ቀይሮ ቅቤውን ያልተወ ሰው ቅደም ተከተሉን የገለበጠው ይመስለኛል።

ፈር፣ ማለትም ፀጉሩ ያልተነሣ ቆዳ፣ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሚንክ የሚባለው ትንሽ አውሬና ቀበሮ በእርባታ ጣቢያ ጠባብ የሽቦ ቤት ውስጥ የሚያድጉት ለፀጉራቸው ብቻ ነው፤ ተረፈ ምርት የሚል ሽፋን እንኳ የላቸውም። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2021 የፈር ልብስ ሽያጭን አግዳለች፤ ለምርምር፣ ለትምህርትና ለሃይማኖት ግን ፈቃድ ትታለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ፈር መሸጥ ከ2023 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ያገለገለውን ግን ሕጉ አይነካም። በእኛ በኩል ደግሞ የጉሬዛ ምንጣፍና የነብር ለምድ አሉ። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ንግድን የሚገዛው የሳይተስ ስምምነት አባል የሆነችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ነብር በጥብቁ በአንደኛው ዝርዝር፣ ጉሬዛ በሁለተኛው ይገኛሉ። ከአያት የወረደ ለምድ ቤት ውስጥ ካለ ምክሬ አጭር ነው፦ አይሸጥ፣ ለውጭ ዘመድም በሻንጣ አይላክ። መሸጥ አዲስ ፈላጊ ይፈጥራል፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል።

ሳናውቀው ፈር የሚገባው በሰልባጅ በኩል ነው። የክረምት ካፖርት ኮፍያ ዙሪያ ያለው ፀጉር «አርቲፊሻል» ቢባልም እውነተኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ፀጉሩን በሁለት አውራ ጣት ከፍሎ ሥሩን ማየት ነው። ከቆዳ ላይ የበቀለ ከሆነ እውነተኛ ነው፤ ሥሩ ላይ የጨርቅ ሽመና ከታየ ሰው ሠራሽ ነው። የፀጉሩ ጫፍም ይናገራል፤ ያልተቆረጠ የእንስሳ ፀጉር ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል።

ቆዳን መለየት ከዚህ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ሽታ ማስረጃ አይሆንም፤ የቆዳ ሽታ ያለው ሽቶ ይረጫል። ውኃ ጠብ ማድረግም አያስተማምንም፤ በደንብ የተቀባ እውነተኛ ቆዳ ውኃ አያስገባም። እኔ መጀመሪያ የማየው የተቆረጠውን ጠርዝ ነው፤ ምላሱ ከጫማው ጋር የሚገናኝበት ቦታና የማሰሪያ ቀዳዳው ዙሪያ ጥሩ ነው። ቆዳ ከሆነ ውፍረቱ በሙሉ የተጠላለፈ ቃጫ ነው። ሲንቴቲክ ከሆነ ላዩ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ሥሩ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ሆኖ ንብርብሩ ይታያል። የሚያሳስተው መሐል ላይ ያለው ነው፤ ከታችኛው የቆዳ ንጣፍ ተሰንጥቆ ፖሊዩረቴን በሚባል ፕላስቲክ የተለበጠ ቆዳ ላዩ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ቆዳ ነው። ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ ቆዳም አለ፤ ርካሽ ቀበቶ ላይ ይበዛል።

ከተጠራጠርኩ ከውስጥ በኩል የክር ያህል ቅንጣት ቆርጬ ደጅ ወጥቼ በክብሪት አቃጥላለሁ። ቆዳ እየከሰለ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ፕላስቲክ ቀልጦ ጠብታ ይሠራል። ሁለቱንም ካሳየ የተለበጠ ቆዳ ነው። ፕላስቲኩ ፒቪሲ ይሁን ፖሊዩረቴን ለመለየት የመዳብ ሽቦ አግሎ ላዩ ላይ መጫንና ሽቦውን መልሶ እሳት ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ ነው። ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ይህን ደግሞ የራስ ዕቃ ላይ እንጂ ሱቅ ውስጥ እንደማታደርጉት አምናለሁ።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ጫማ ሥዕል ያለበት ምልክት ይኖረዋል። የተዘረጋ ቆዳ ቅርጽ ቆዳ ነው፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ዳይመንድ ካለበት የተለበጠ ቆዳ ነው፤ መረብ የሚመስለው ጨርቅ፣ ባዶው ዳይመንድ ሌላ ቁስ ማለት ነው። ለላዩ፣ ለገበሩና ለሶሉ ለየብቻ ይጻፋል። ወጥመዱ ይህ ነው፦ ምልክቱ የሚናገረው ቢያንስ 80 በመቶውን ስለሚይዘው ቁስ ነው፤ የቀረው ሌላ ሊሆን ይችላል። ገበሩ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካያችሁ የአሳማ ቆዳ ነው። ከውጭ በሚገባ ጫማ ውስጥ ይገኛል፤ አሳማ ለማይነካ ክርስቲያንና ሙስሊምም ይህች መረጃ ሳትጠቅም አትቀርም። የጂንስ ሱሪ ወገብ ላይ የምትሰፋው ምልክት፣ ከፀጉር የተጠቀጠቀ የፈልት ባርኔጣ፣ የቀንድ ቁልፍና የጫማ ብሩሽ ፀጉርም መታየት አለባቸው። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ናቸው፤ በርኖስና ባና ግን ሱፍ ናቸው።

ሱቅ ገብቶ «ቆዳ የሌለው አለ?» ማለት አያዋጣም። ሻጩ ብር ያጠረህ መስሎት ከሥር ያለውን ርካሽ ዕቃ ያወጣልሃል፤ ወይም «ይቺ እኮ ኦሪጅናል ናት ወንድሜ፣ አትጠራጠር» ብሎ ቆዳ መሆኑን በማረጋገጥ ሊያጽናናህ ይሞክራል። «ቆዳ አላደርግም፣ ጠንካራ ሲንቴቲክ ስጠኝ» ማለት ይሻላል።

አሁን ቤት ያለውስ? ከእግሬ አውልቄ ብጥለው ማንም አይጠቀምም፤ እንስሳው አንዴ ሞቷል፣ ገንዘቡም ተከፍሏል። አዲስ የቆዳ ጫማ ሊገዛ ለተነሣ ሰው መስጠት ግን አንድ ግዢ ያስቀራል። ልብ የማይቀበለውን መስጠት፣ የቀረውን እስኪያልቅ ማድረግ ነው የመረጥኩት። ሰልባጅ የቆዳ ጃኬት ብትገዛ ለፋብሪካው የሚደርሰው ነገር ጥቂት ነው፤ እኔ አልገዛም፣ ከሚገዛ ቪጋን ጋር ግን አልጣላም።

የሚቆየው ቆዳ እንክብካቤ ይፈልጋል። ሚንክ ኦይል ከሚንክ ስብ፣ ኒትስፉት ኦይል ከከብት እግር የሚወጣ ስለሆነ አልጠቀምም። ከዘንባባ ቅጠል በሚገኘው በካርናውባ ሰም የተሠራ ቀለም አለ፤ ጥቂት ቫዝሊንም ይሠራል። የምግብ ዘይት አይቀባም፤ ይበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል። በክረምት ሻጋታ ካወጣ ኮምጣጤና ውኃ እኩል ቀላቅሎ በጨርቅ መጥረግ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ፀሐይና ምድጃ ይሰነጥቀዋል።

ምትኩ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በሚላጥ ፖሊዩረቴን ነው። ፖሊዩረቴን፣ በተለይ ፖሊየስተር የሚባለው ዓይነት፣ ከአየር እርጥበት ጋር እየተገናኘ ይፈርሳል። ባይለበስም ይፈርሳል፤ በሣጥኑ የተቀመጠ አዲስ ጫማ ሶሉ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት ማሰር እርጥበቱን አፍኖ ነገሩን ያባብሳል። በየዓመቱ የሚጣል የነዳጅ ውጤት መግዛት ደግሞ ከቆዳው የተሻለ ነው ብዬ ደፍሬ አልናገርም። ከአናናስ ቅጠል፣ ከቁልቋልና ከፖም የተሠሩ የሚባሉትም አብዛኞቹ ፖሊዩረቴን አለባቸው፤ ስማቸው ከይዘታቸው ይበልጣል።

የተሻለ የሆነልኝ ማሠራት ነው። መርካቶ ያሉ ጫማ ሠሪዎች ቁሱን ይዘህ ከሄድክ ይሠሩልሃል። ለላዩ ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማይክሮፋይበር (በጣም ከቀጠነ ሰው ሠራሽ ቃጫ የሚሠራ ቁስ)፤ ጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ሳይሆን እንደ ጥጥ የተጠቀጠቀ ቃጫ መሆን አለበት። ገበሩ ጥጥ፣ ሶሉ ጎማ፣ ተረከዝ የሚይዘው ጠንካራ ክፍል ፕላስቲክ ይሁን፤ ዝም ካልክ ከቆዳ ፍርፋሪ የተጋገረ ካርቶን ሊገባበት ይችላል። ስፌቱ በሴንቲ ሜትር ከ3 እንዳይበልጥ እነግራለሁ። ለቆዳ የለመደ እጅ ያጠጋጋዋል፤ ሲንቴቲክ ግን ቀዳዳው ሲበዛ እንደ ቴምብር በመስመሩ ይቀደዳል።

ማስቲሹ ላይ መቸኮል ሶል ያስለቅቃል። ጎማውን በሸካራ ወረቀት መፋግ፣ አቧራውን ማጥራት፣ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት፣ እጅ ላይ እስከማይመጣ ድረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በኃይል መጫን። ፒቪሲ ከሆነ ተራ ማስቲሽ አይበቃም፤ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ዘይት ቀስ በቀስ እየወጣ ማጣበቂያውን ያቀልጠዋል። የፖሊዩረቴን ማጣበቂያ ያስፈልጋል።

ልኩም ሌላ ነው። ቆዳ ከእግር ጋር ይሰፋል፣ ሲንቴቲክ ግን ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ሲለካ የጠበበ ጫማ ሲያረጅም ጠባብ ነው። እግር በሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል። ላብም ስለማያስወጣ ሁለት ጥንድ ማፈራረቅ ግድ ይላል። ለእሑድና ለሰፈር ሸራ ጫማ፣ ወይም ምናለሽ ተራ ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ አለ፤ ከእኔ በፊት ሊያልቅ የሚችል አይመስለኝም። ቀበቶ በ4 ሴንቲ ሜትር የጥጥ ጠፍር በሁለት ቀለበት ይሠራል፤ የፖሊዩረቴን ቀበቶ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል።

ቤተ ክርስቲያን ያለው ከበሮ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የበገናው 10 ጅማትና እያንዳንዱን ጅማት የሚያንዘረዝረው የቆዳ እንዚራ፣ እናቶች ምሳ የሚልኩበት አገልግል፤ እነዚህ ላይ አልፈርድም። ብዙዎቹ ከእኛ ዕድሜ በላይ የኖሩ ናቸው፤ ሁለቱ ጥያቄዎቼም አይነኳቸውም። አዲስ ሲሠራ ግን ምትክ መጠየቅ ይቻላል፤ የክራር ክር ወደ ናይሎን ከዞረ ቆይቷል።

መልስ ያላገኘሁለት የሥራ ልብስ ነው። ብየዳ ላይ ሲንቴቲክ ጓንት ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከአራሚድ ቃጫ የተሠራ ጓንት ሙቀት ይችላል፤ እዚህ ገበያ ግን እንደልብ አይገኝም። ለሽርጡ ወፍራም የጥጥ ሸራ ይበቃል፤ ለእጅ ግን በያጁ የቆዳ ጓንቱን ይተው ብዬ አልመክርም። ያለውን እስኪበሳ ማስጠገን ነው። ስፌቱ ሲፈታ ተራ ናይሎን ክር ብልጭታ ሲነካው ይቀልጣል፤ ስለዚህ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሲኬድ የኬቭላር (የአራሚድ ዓይነት ነው)፣ እሱ ከጠፋም ወፍራም የጥጥ ክር ይዞ መሄድ ነው።