ሁለት ምርመራ በአንድ ሰመመን

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ወላጆች «ኤምአርአዩ ደህና ነው ከተባለ ፔት ስካን ደግሞ ለምን ታዘዘ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ተገቢ ነውና የተሟላ መልስ ሊያገኙ ይገባል። ኤምአርአይ በዋናነት የሚያሳየው የአንጎልን መዋቅር ነው፤ ፔት ደግሞ ኤፍዲጂ የተባለ፣ ከስኳር ጋር የሚመሳሰልና ጨረር የሚያመነጭ ፍሎሪን-18 የተያያዘበት ንጥረ ነገር በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ እያንዳንዱ የአንጎል ክፍል ምን ያህል ስኳር እንደሚወስድ ያሳያል። ሕመሙ ከአንድ ቦታ የሚነሣ ከሆነ፣ ልጁ ደህና በሆነበት ሰዓት ያ ቦታ ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ያነሰ ስኳር ስለሚወስድ ደብዝዞ ይታያል። ሐኪሙ ይህን ይዞ ወደ ኤምአርአዩ ሲመለስ፣ አስቀድሞ ያልታየ ትንሽ የአንጎል ቅርፊት መዛባት የሚያገኝበት ጊዜ አለ፤ ቀዶ ሕክምና ለሚታሰብለት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዝግጅቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ልጁ ለሰዓታት ሳይበላ ቆይቶ ንጥረ ነገሩ ከተሰጠው በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ብርሃኑ በቀነሰ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ይቆያል። በዚህ መካከል ሕመሙ ቢነሣበት መደብዘዝ የነበረበት ቦታ ደምቆ ወጥቶ ምስሉን የሚያነበውን ሐኪም ሊያሳስት ስለሚችል፣ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው ኢኢጂ ክትትል ይደረግለታል። ሰመመንም አንጎል የሚጠቀመውን ስኳር ስለሚቀንስ፣ የሚመረጠው ከዚህ ቆይታ በኋላ መስጠቱ ነው።

ፔትንና ኤምአርአይን በአንድ ጊዜ የሚያነሡ መሣሪያዎች ወደ ሆስፒታሎች መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ነው። ሳይንቀሳቀስ መተኛት ለማይችል ሕፃን ሁለት ጊዜ ሰመመን መስጠት ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ከፔት ጋር አብሮ የሚነሣው፣ በኤክስሬይ የሚሠራው የሲቲ ስካን ጨረርም አይጨመርበትም፤ የኤፍዲጂው ጨረር ግን መኖሩ መታወቅ አለበት። ችግሩ ኤምአርአይ አጥንትን በደንብ አለማሳየቱ ነው። የራስ ቅል አጥንት ምን ያህል ጨረር እንደሚያስቀር መሣሪያው አስልቶ ምስሉን ማረም ሲኖርበት፣ ከዐዋቂ ራስ የተወሰደ ልኬት እርግብግቢቱ ላልገጠመ ሕፃን አይሆንም።

መሣሪያው በሌለበት ቦታ፣ አንጎል በጠንካራው የራስ ቅል ውስጥ ስለሚቀመጥ በተለያየ ቀን የተነሡ ምስሎችን በኮምፒውተር መደራረብ በአብዛኛው ይቻላል። አከርካሪ ግን እንደ አተኛኘቱ ስለሚታጠፍ ምስሎቹን ማግጠም ይቸግራል፤ በእኔ እምነት ጥምር ምርመራ ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ስፖርት የሚያዘወትር ታዳጊ ወገቡን ሲያመውና የአከርካሪ አጥንት ስንጥቅ ሲጠረጠር፣ በስፔክት-ሲቲ (እንደ ፔት በደም ሥር የተሰጠን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚከታተለው ስፔክት ከሲቲ ጋር የተጣመረበት ምርመራ) ቴክኒሺየም-99ኤም የተባለው ጨረር አመንጪ ራሱን በመጠገን ላይ ያለውን አጥንት አድምቆ ያሳያል፤ ሲቲው ደግሞ ስንጥቁን ይለያል። ይህም ኤምአርአይ ካልበቃ ብቻ፣ ሲቲውም ወገቡን በሙሉ ሳይሆን የደመቀውን ቦታ ብቻ እንዲያነሣ ተወስኖ ሊደረግ ይገባል።