«61.8 ሠራ»

በዚያ ቀን የምንዛሪ ንግድ ዴስካችን ሪፖርት ላይ የሰፈረው «ዩሮ/ዶላር፦ 61.8 ሠራ፤ በትርፍ ተዘግቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ትርፉ እውነት ነው፣ ተገኝቷል። ሪፖርቱ ግን የቀኑን ግማሽ ትቶታል፤ የተተወው ግማሽ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዩሮ ከ1.0800 ተነሥቶ 1.1000 ከደረሰ በኋላ ወደ ታች መመለስ ጀምሮ ነበር። አለቃችን ፊቦናቺውን (ዋጋ ከወጣው ላይ 23.6፣ 38.2፣ 50፣ 61.8 እና 78.6 በመቶ ሲመለስ ይዞራል ተብሎ የሚሰመሩትን መስመሮች) በእነዚህ ሁለት ዋጋዎች መካከል ዘረጉት፤ 61.8 በመቶው 1.0876 ላይ ስላረፈ እዚያ ገዙ። ዋጋው ሳይቆም አለፈ፣ ስቶፑም (ኪሳራን ለመግታት አስቀድሞ የሚቀመጠው የመሸጫ ትእዛዝ) ተመታ። ከሰዓት ላይ ቻርቱን ስናይ መለኪያው ተቀይሯል። መነሻው አሁን 1.0800 ሳይሆን 1.0700 ላይ የነበረ የቆየ ዝቅታ ነው፤ በዚህኛው ልኬት 61.8 በመቶው 1.0815 ላይ ይውላል። ዋጋው እዚያ ሲደርስ አለቃችን እንደገና ገዙ፤ ዋጋውም ዞረ። አለቃችን ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው «አያችሁ? ወርቃማው ጥምርታ አይዋሽም» አሉ፤ 61.8 በመቶው የመጣው ከዚሁ ጥምርታ ነው።

አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ከተቀጠረች ብዙም ያልቆየች ልጅ እጇን አነሣች።

«ይቅርታ፣ ጠዋት የለኩት ከ1.0800 ነበር፤ አሁን ከ1.0700 ነው። ይኼም ቢሰበር ኖሮ 1.0600 ላይ ሌላ ዝቅታ አለ፣ ከዚያ ሲለካ 1.0753 ይመጣል። ታዲያ አልሠራም የምንለው የት ሲደርስ ነው?»

አለቃችን ለጥያቄው በታሪክ መለሱ። የፒሳው ሊዮናርዶ (ፊቦናቺ የሚባለው) በ1202 ያቀረበውን የጥንቸሎች ስሌት፣ የገበያ ተንታኙ ኤሊየት በ1930ዎቹ ገበያን በማዕበል የተነተነበትን መንገድ፣ የሱፍ አበባ ፍሬ የሚደረደርበትን ጥምዝ አነሡ። «ሰው የተፈጥሮ አካል ነው፤ ገበያም የሰው ሥራ ነው። ሕጉ አንድ ነው።»

«የሱፍ አበባው ማደግ የሚጀምርበትን ቦታ ግን እኛ አንመርጥለትም» አለች፣ በትሕትና።

«አንቺ መጀመሪያ ቻርት ማንበብ ተማሪ» ብለው ወደ ስክሪናቸው ተመለሱ።

እኔ ዝም አላልኩም፤ ጥያቄዋ መልስ እንደሚገባው እዚያው ተናገርኩ። የተሰጠኝ መልስ «ትርፉን አላየህም?» የሚል ነበር።

ይቺ ልጅ የተናገረችው በዚህ ሙያ ከሰማኋቸው ሁሉ ትክክለኛው ነገር ነው። ሱፍ አበባ ላይ ያ ቁጥር የሚገኝበት ምክንያት አለው። እያንዳንዱ አዲስ ፍሬ ካለፈው በ137.5 ዲግሪ ገደማ ዞር ብሎ ስለሚበቅል ፍሬዎቹ አይደራረቡም፣ ቦታውም በደንብ ይሞላል፤ ጥምዞቹ ሲቆጠሩ ብዙ ጊዜ 34 እና 55 (34 ለ55 ሲካፈል 0.618 ነው) የሚሆኑት ለዚህ ነው። ዋጋ 61.8 በመቶ ሲመለስ እንዲቆም የሚያስገድደው እንዲህ ያለ አሠራር ምንድን ነው? እኔ የምቀበለው አንድ መልስ ብቻ ነው፦ ብዙ ሰው ያንኑ መስመር ያያል፣ ትእዛዞችም እዚያ ይከማቻሉ። እኔም እስከ ዛሬ መስመሩን የማሰምረው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ መልስ እንዲቆም ሁላችንም ከአንድ ቦታ መለካት አለብን። አንድ ሰው ራሱ ጠዋት ከአንዱ ዝቅታ፣ ከሰዓት ከሌላው እየለካ፣ ሌላው ሺህ ሰው ከየትኛው ሊገጥምለት ነው?

ቁጥሩ ራሱ ጥንቅቅ ያለ ነው። 0.618 በራሱ ሲባዛ 0.382 ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ደግመው ቢያባዙት 0.236፣ ስኩዌር ሩቱ ደግሞ 0.786። (50 በመቶው ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ከልማድ የገባ ነው።) አደጋው ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እስከ ሦስተኛው አሃዝ የተሰላ ቁጥር ሲያዩት፣ ሁለቱን ጫፎች የመረጠው የሰው ግምት መሆኑ ይረሳል። ልጅቷ በኋላ የሁለቱንም ልኬት አምስት አምስት መስመሮች በአንድ ቻርት ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ። በ300 ፒፕ (ከ1.0700 እስከ 1.1000) ውስጥ አሥር መስመር! ዋጋ የትም ቢዞር ከአንዱ አጠገብ መዞሩ አይቀርም። በ2006 ተመራማሪዎቹ ሮይ ባቸለር እና ሪቻርድ ራምያር የአሜሪካውን የአክሲዮን ገበያ መለኪያ፣ የዳው ጆንስን የረጅም ዘመን ዋጋ መርምረው፣ ገበያው በእነዚህ ጥምርታዎች ላይ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚዞር ማስረጃ አላገኙም። ይህን ጽሑፍ ለአለቃችን አትሜ ሰጠኋቸው፤ «እነሱ ነጋዴ አይደሉም» አሉኝ።

የሪስክ (የኪሳራ አደጋ ቁጥጥር) ክፍሉ ኃላፊ ግን ሰሙን። አሁን የንግድ መዝገባችን ላይ «የተለካበት ዝቅታ፣ የተለካበት ከፍታ፣ የተለካበት ሰዓት» የሚል አምድ አለ፤ ትእዛዝ ከመግባቱ በፊት መሞላት አለበት። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ ኃላፊውም ይህንን ስሟን ጠርተው በስብሰባ ላይ ተናግረዋል። ብዙም ሳይቆይ ወደ ክፍላቸው ወሰዷት። ዴስካችን ጎበዝ ሰው አጣ፤ አለቃችን መሄዷን «ለእሷም ይሻላታል» ብለው አለፉት።

ያም ሆኖ ያ ሁለተኛው ግዢ አትርፏል፤ አሁንም አዲስ ሰው ሲመጣ በምሳሌነት የሚቀርበው እሱ ነው። ጠዋት የከሰረው አይነሣም። አዲሱን አምድ ደግሞ አለቃችን የሚሞሉት ንግዱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ልክ እንዳልሆነ ነግሬያቸዋለሁ፤ እስኪስተካከልም እነግራቸዋለሁ።