መብራት ሲሄድም ኮሚት ይደረጋል

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ቤቴ ሆኜ ነው። እዚህ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። የላፕቶፑ ባትሪ ግን አለ። ጊትን፣ የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበውን ፕሮግራም፣ አጥብቄ የምደግፈውም ለዚህ ነው።

በሰብቨርዥን፣ ተመሳሳይ ሥራ በሚሠራ ሌላ ፕሮግራም፣ ስንሠራ መላ ቡድኑ አንድ ሰርቨር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ፋይሉ እኔ ጋ፣ ታሪኩ ሰርቨሩ ጋ። ኮሚት ለማድረግ (ለውጡን ከመልእክት ጋር ታሪኩ ውስጥ ለመመዝገብ) ኔትወርክ፣ ሎግ (የለውጦቹን ዝርዝር) ለማየትም ኔትወርክ። ሲጠፋ የቀናት ሥራ ይጠራቀምና በአንድ ኮሚት ይገባል። መልእክቱ "ልዩ ልዩ ማስተካከያ" ይላል። ከወር በኋላ ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ እንደገባ ማን ያውቃል?

ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ጻፈው። ክሎን ስታደርጉ፣ ማለትም ፕሮጀክቱን ስትገለብጡ፣ ሙሉ ታሪኩ ላፕቶፓችሁ ላይ ይገባል። መብራት ጠፍቶም ብራንች (የተለየ የሥራ ቅርንጫፍ) እከፍታለሁ። በጊት ብሌም መስመሩን ማን መቼ እንደነካው አያለሁ። ኮሚቶቼን በትንንሹ እከፋፍላለሁ። መብራት ሲመጣ ፑሽ፣ ወደ ሰርቨሩ መላክ፣ ነው።

የዲዛይነራችን ነገር ግን ይለያል። ትልልቅ የፎቶሾፕ ፋይሎች እንደ ኮድ መርጅ አይደረጉም፤ የሁለት ሰው ለውጥ አይዋሃድም። ለእሷ የሰብቨርዥን ሎክ ይመቻታል፤ አንዱ ፋይሉን ሲይዝ ሌላው ይጠብቃል። እውነቷን ነው። በጊት ኤልኤፍኤስም፣ ለትልልቅ ፋይሎች በተሠራው የጊት ተጨማሪ፣ ሎክ ማድረግ ይቻላል፤ ለእሱ ግን ያው ሰርቨር ያስፈልጋል።