አራቱ ዝምተኛ አውታሮች

በገና ስጀምር አውታሮቹን እንደ ክራር ነበር የምወጥራቸው። ክራር አስቀድሜ ስለለመድኩ ጆሮዬ ጥርት ያለና ቶሎ የሚመልስ ድምፅ ይፈልግ ነበር። በገናው ግን በጠበቀ ቁጥር እየደረቀ መጣ፤ ያ ንብ በቀፎ ውስጥ የምታሰማው የሚመስል እምምታ ጠፍቶ ቀጭን ድምፅ ብቻ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሣጥኑ ላይ በተወጠረው ቆዳ አሳበብኩ።

አንድ ማታ መምህሬ በገናውን ተቀብለው አውታሮቹን አንድ በአንድ አላሏቸው። ለዓይን የተበላሹ ይመስሉ ነበር። "አሁን እንዚራውን ፈልግ፣ ልጄ" አሉኝ። እንዚራ በበርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹን ደግፎ በሚይዘው እንጨት፣ እና በአውታሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። በጣት ጫፍ እጅግ በጥቂቱ ገፋ፣ መለስ ሲያደርጉት አንድ ቦታ ላይ አውታሩ በድንገት ያጉረመርማል። ያን ቦታ ያገኘሁባትን ቅጽበት እስካሁን አስታውሳለሁ፤ ድምፁ በደረቴ ውስጥ አለፈ። አውታሩ እንዲህ የሚያጉረመርመው በሰፊው ሲወዛወዝ ነው፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ግን ለመወዛወዝ ቦታ የለውም።

ያኔ ስሌቱን አየሁት። አንዱን አውታር በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ማድረግ ውጥረቱን በሩብ ያህል ይጨምረዋል፤ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም፣ ከፍ ማድረግ ደግሞ አራት እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የድምፁን ልዩነት ሁሉ በመቃኛ ላመጣው መሞከሬ ስህተት ነበር። መመረጥ ያለበት የአንጀቱ ውፍረት ነው፤ ለዝቅተኛው ድምፅ ወፈር ያለ፣ ለከፍተኛው ቀጠን ያለ የበግ አንጀት። ቅኝቱንም አሁን የምጀምረው ከራሴ ድምፅ ነው። ሳልጮህ፣ እንደ ጸሎት ዝቅ ብዬ ላዜመው የምችለውን ድምፅ አገኛለሁ፤ አውታሮቹ እሱን ይከተላሉ።

አውታሩ ሲላላ ደግሞ እጄ ከዳኝ። ጣቴን አጥፌ ወደ ውጭ ስነጥቀው አውታሩ ጎረቤቱን ይመታል። በጣት ስንደረድር ከአሥሩ የምናሰማው ስድስቱን ነው፦ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን፣ 8ኛውንና 10ኛውን። የቀሩት አራቱ ለምን እንደተሰቀሉ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የጣት ማረፊያ ናቸው። ጣት አውታሩን ገፍቶ ያልፍና ዝምተኛው አውታር ላይ ያርፋል፤ የተገፋው ከኋላው ሳይታፈን ይዘምራል። የግራ እጄን አንጓ አላልቼ ጣቶቼን ወደ ማረፊያቸው መላክ ብቻ ስማር የትከሻዬ ሕመም በአንድ ወር ውስጥ ለቀቀኝ። ለእኔ ከሁሉም የከበደው ይህ ነበር፤ ጣቴ ካረፈ በኋላ አለመቸኮል።

በሁዳዴ የበልግ ዝናብ ሲጥል አንጀቱ እርጥበት ይስባል፣ ቅኝቱም ይዛባል። ስለዚህ በገናውን በምደረድርበት ክፍል ውስጥ ቀደም ብዬ አቆመዋለሁ፤ የምቃኘው ቆይቼ ነው። ዝቅተኛውን ድምፅ የምትሰጠኝ አውታር ግን ገና አልተስማማችኝም። ለእርሷ ከዚህኛው ወፈር ያለ አንጀት አዝዣለሁ።