12 ደብተር ይዤ ዘጠነኛ ክፍል

ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ስል እናቴ 12 ደብተር ገዝታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችልኝ። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሲቪክስ፣ አይሲቲ፣ ስፖርት። ስምንተኛን ከክፍሌ ሦስተኛ ወጥቼ ስለጨረስኩ ጉራዬ አይጣል ነበር። የቆየው ግን እስከ መጀመሪያው ሚድ ፈተና ነው። ባዮሎጂ 43፣ ፊዚክስ 38።

እኛ አዳማ ላይ እስከ ስምንተኛ የተማርነው በአማርኛ ነው። ዘጠነኛ ላይ ከአማርኛና ከአፋን ኦሮሞ በቀር ሁሉም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነ። እኔ ግን የሰነፍኩ መሰለኝና ፕሮግራም አወጣሁ፤ ለሁሉም ትምህርት እኩል ሰዓት፣ በከለር የተሰመረ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ። ሁለት ሳምንት አልሞላውም። እኩል ሰዓት ለ12 ሲካፈል ለአንዱም አይበቃም።

ነገሩን የነቃችበት ታላቅ እህቴ ናት። የባዮሎጂ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ "ይሄን እኮ ታውቂዋለሽ፣ ብርሃን አስተጻምሮ ነው" አለችኝ። አፈርኩ። ፎቶሲንተሲስን ሦስት ቀን ሙሉ ስሸመድድ ከርሜ፣ ለካ በአማርኛ ጥርት አድርጌ የማውቀው ነገር ኖሯል።

በዚያው ሰሞን 13ኛ ደብተር ገዛሁ። በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ የማውቀውን አማርኛ። ቲሹ፣ ኅብረ ሕዋስ። ዴንሲቲ፣ እፍጋት። አክስለሬሽን፣ ሽምጠጣ። አማርኛው ሲጠፋኝ መምህሩን እጠይቃለሁ፣ ልጆቹ ሲያፍሩብኝም ሲስቁብኝም። ከአንድ ወር በኋላ ባዮሎጂ ማንበብ እንደ ድሮው ሆነልኝ። የፊዚክስ ግን በቃላት ብቻ አልተፈታም።

ፊዚክስ የሚጀምረው በቬክተር፣ ማለትም መጠንም አቅጣጫም ባለው ነገር ነበር። ቬክተርን ለመከፋፈል ሳይንና ኮሳይን የሚባለው የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ያስፈልጋል፤ የሒሳብ መምህራችን ደግሞ እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ ምዕራፍ ይቀራቸዋል። ክፍሉ በሙሉ ፊዚክስ ከበደን እያለ የሚያማርረው ለካ ያልተማረውን ሒሳብ ነው። የሒሳብ መጽሐፉን ወደፊት ገልጬ የሦስት ማዕዘኑን ክፍል ብቻ በሁለት ቅዳሜ ለብቻዬ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተገለጠ። የጂኦግራፊው የካርታ ስኬል ራሱ ሒሳብ ነው፤ 1 ለ 50,000 ከሆነ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ፓወር ስንማር ደግሞ ከከተማው ዳር የሚታዩትን የንፋስ ማመንጫዎች ራሴ አሰላኋቸው። አዳማ አንድ የሚባለው ጣቢያ 34 ተርባይን አለው፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት፣ ድምሩ 51። ያ ዓይናችን ውስጥ አቧራ የሚሞላው ንፋስ!

የተሳሳትኩትም አለ። ሲቪክስ፣ አይሲቲና ስፖርትን "ትንንሾቹ" ብዬ ናቅኳቸው። አማካይ ሲወጣ ግን ድምሩ ለ12 ነው የሚካፈለው፣ ስፖርትም እንደ ፊዚክስ እኩል ይቆጠራል። አንደኛው ሴሚስተር ላይ ሲቪክስ ብቻውን ደረጃዬን ወደ ታች ጎተተው። አይሲቲ ላይ ለአንድ ኮምፒውተር አራት ሆነን ስለነበር እኔ ማውዝ የነካሁት ሁለቴ ነው፤ እሱን እንኳ በኔ አልፈርድም። ታሪክን በምን መላ እንደሚያጠኑት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ፈተናው ሲደርስ ሸምድጄ ገባሁ፣ በማግስቱ ረሳሁት።

በሁለተኛው ሴሚስተር ፊዚክስ 67 ሆነ። ሰቃይ አልሆንኩም፣ ካርዴ ላይ ግን ቀይ አልነበረም።

አሁን ታናሽ ወንድሜ ዘጠነኛ ነው። እኛን ያስጨነቀን የአሥረኛ ማትሪክ ቀርቶለታል፣ በምትኩ ኢኮኖሚክስ መጥቶበታል። 13ኛውን ደብተር ሰጠሁት። ባለፈው ሳየው ባዶ ገጽ ላይ "ዲማንድ፣ ፍላጎት" ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ "እማዬ ቲማቲም ስትገዛ" የሚል ጨምሮበታል።